ላሜራው ላይ የተጻፈው አሰላለፍ

ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ ነው። ሐሙስ ማታ መብራት ጠፍቶ ወርክሾፕ ውስጥ ቁጭ ብለናል። መብራት ሲጠፋ የብረት ሥራ ቤት ጭር ይላል። ብየዳ የለ፣ ግራይንደር የለ፤ ቀኑን ሙሉ ሲጯጯህ የዋለ ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያወራው። እኔም እጄ ሥራ ሲፈታ ጠመኔ አነሳሁና ግድግዳ ላይ የተደገፈ ላሜራ ላይ የእሁዱን አሰላለፍ መጻፍ ጀመርኩ። እሁድ ኮምቦልቻ ወርደን የዋንጫ ጨዋታ አለብን። አሥራ አንድ ስም ጻፍኩ። ትንሹ ረዳቴ የስልኩን መብራት አብርቶ መጣና አነበበው። እሱ ኳስ አይጫወትም፣ ግን የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ያውቃል። ጣቱን አንዱ ስም ላይ አደረገ።

«ጋሼ፣ ይሄ ልጅ በዚህ ሳምንት ልምምድ መጥቷል እንዴ?»

«አልመጣም።»

«ግን ይሰለፋል?»

«ይሰለፋል።»

ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ ሳቅ አለና «በቃ እንደኛው ቤት ነዋ!» ብሎ ሻይ ሊያመጣ ወጣ።

ለነገር ብሎ አልነበረም። ለእሱ ቀልድ ነው። እኔም ስቄ አለፍኩት። ይሄን የምጽፈው ግን ያቺ ቀልድ እስካሁን ስላልለቀቀችኝ ነው።

እስቲ ከመጀመሪያው ልጀምር። ከሰኞ ገበያ ትንሽ ወረድ ብሎ የብረታ ብረት ሥራ ቤት አለኝ። በር፣ መስኮት፣ የግቢ በር፣ አልፎ አልፎ የጣሪያ ብረት። ሰባት ሰው አብሮኝ ይሠራል። ማክሰኞና ሐሙስ ከትምህርት በኋላ፣ ቅዳሜ ደግሞ በጠዋት፣ የሰፈር ልጆች ኳስ አሰለጥናለሁ። ከ15 ዓመት በታች ናቸው፣ ሃያ ሁለት ልጆች። እኛ አገር እንዲህ ያለው የታዳጊ ቡድን «ፕሮጀክት» ነው የሚባለው። ለምን እንደሆነ ሳልጠይቅ ነው የገባሁበት። የቀድሞው አሰልጣኝ አዲስ አበባ ሥራ ሲያገኝ የኳሶቹን መረብ እኔ ጋ አስቀምጦ ሄደ፣ «ሰው እስኪገኝ» ብሎ። አራት ዓመት ሆነው። ሰው አልተገኘም። በኋላ አንድ አጭር ኮርስ ወሰድኩ፣ ፊሽካ ገዛሁ፣ ልጆቹም «ኮች» ማለት ጀመሩ፣ በዚያው ቀረሁ።

ደሴን የማታውቁ ካላችሁ፣ እዚህ ከተማ ደልዳላ መሬት ማግኘት ራሱ ትግል ነው። ከተማዋ ጦሳ ተራራ ሥር ተጣብቃ ነው ያደገችው። ሆጤ ስታዲየም አለ፣ ግን ሜዳው ለሁሉም አይዳረስም። እኛ የምንለማመድባት ሜዳ አንደኛው ጎኗ ገደል ቢጤ ነው። ኳሷ ከወጣች ወደ ታች ነው የምትሄደው። ስለዚህ አንድ ልጅ ሁሌ ቁልቁል እየሮጠ ነው።

ያ ልጅ ሁሌ አንድ ልጅ ነው። ግራ ተከላካዩ። ስሙን አልጠራም፣ እዚህ ሰፈር ሁሉም ሰው ስልክ አለው። ማንም ሳያዘው ይወርዳል፣ ኳሷን አቅፎ ይመጣል፣ ጉሙ ውስጥ ገብቶ አንዳንዴ ለአምስት ደቂቃ ይጠፋብናል። ልምምድ ላይ ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነው። ቀኝ እግሩ ግን ለመቆም ያህል ነው የተፈጠረችው። ፈጣን አጥቂ ሲመጣበት ይደነግጣል።

ሌላው ደግሞ አሥር ቁጥራችን ነው። አሥር ቁጥሩ ኳስ ሲይዝ እኔ ራሴ አሰልጣኝነቴን ረስቼ ተመልካች እሆናለሁ። አብዶ ሲሠራ ተከላካዮቹ መሬት ላይ ይቀራሉ። ቴስታውም ያው ነው። ልምምድ ላይ ግን ሲፈልግ ይመጣል፣ ሳይፈልግ ይቀራል። ሲመጣም ታኬታውን ሌላ ልጅ ተሸክሞለት ነው።

አንድ ሕግ ነበረችን። በሳምንት ሁለት ቀን የቀረ እሁድ አይሰለፍም። እኔው ነኝ ያወጣኋት፤ እኔው ነኝ በየወሩ አሰልፌ ጮክ ብለው እንዲደግሟት የማደርጋቸው።

እሁድ በጠዋት አባዱላ ተኮናትረን ወረድን። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ግን ሐረጎን ስትወርድ ከ600 ሜትር በላይ ነው ቁልቁል የምትምዘገዘገው። ጃኬት ለብሰህ ትነሳለህ፣ በካናቴራ ትደርሳለህ። ሁለት ልጆች ሐረጎ ላይ አስታወኩ። የቀሩትን ሐሳባቸውን ለማስቀየር ብዬ የደራርቱን ታሪክ ነገርኳቸው። እ.ኤ.አ. በ2009 የኒው ዮርክ ማራቶን ላይ ደራርቱ ቱሉ ከእንግሊዟ ፓውላ ራድክሊፍ ጋር እየሮጠች ነበር። ፓውላ ጉልበቷን አሟት ወደ ኋላ ስትቀር ደራርቱ ዞር ብላ «ነይ፣ አይዞሽ» እያለች አበረታታቻት። የምትሮጠው እኮ ለገንዘብና ለዋንጫ ነው። ተፎካካሪዋ ናት። በኋላም በ2 ሰዓት ከ28 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ ውድድሩን ደራርቱ አሸነፈች፣ ያኔ 37 ዓመቷ ነበር። ፓውላ አራተኛ ወጣች። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ሰሙኝ። በራሴ ደስ አለኝ። ንግግር እችላለሁ።

ከዚያ ሜዳ ደረስንና አሰላለፉን አነበብኩ። ሳምንቱን ሙሉ ያልታየው አሥር ቁጥር ገባ። አንድም ቀን ያልቀረው ግራ ተከላካይ ተቀያሪ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

2 ለ 1 አሸነፍን። ሁለቱንም ያገባው አሥር ቁጥሩ ነው። ዋንጫዋ ትንሽ ናት፣ ውሃ ብታደርግባት ግማሽ ሊትር አትይዝም፣ ግን ስንመለስ መኪናዋ በዘፈን ልትፈነዳ ነበር። ግራ ተከላካዩ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጧል። የኳሶቹ መረብ ጭኑ ላይ ነው። ሲዘፍኑ ያጨበጭባል። አላኮረፈም፣ አላለቀሰም። ቢያኮርፍ ኖሮ ይቀለኝ ነበር፤ «አብሽር» ብዬ አባብዬ እጨርሰው ነበር።

ማክሰኞ ልምምድ ላይ ሰባት ልጅ መጣ። ከሃያ ሁለት ሰባት። ሐሙስ ዘጠኝ። መጀመሪያ ፈተና ደርሶባቸው ነው አልኩ። ከዚያ ዝናቡ ነው አልኩ። አንዱን መንገድ ላይ አግኝቼ «ምነው ጠፋህ?» ስለው «አይ ኮች፣ ለእሁድ እደርሳለሁ» አለኝ። ለእሁድ እደርሳለሁ! ልጁ አመፀኛ አይደለም፣ ጨዋ ልጅ ነው። ያስተማርኩትን ነው የመለሰልኝ።

የደራርቱን ታሪክ ማንም አልያዘውም። አሰላለፉን ግን ሃያ ሁለቱም ይዘውታል። ሰው የሚመራ ሰው፣ ሜዳ ላይም ይሁን ሥራ ቤት፣ የሚያምንበትን ነገር የሚናገረው በአፉ አይመስለኝም ከዚያ ወዲህ። የሚናገረው ማንን እንዳስገባና ማንን እንዳስቀመጠ ነው። የቀረው ንግግር ሬዲዮ ነው፣ ከጀርባ ይጮሃል፣ ሥራ ይቀጥላል።

ያኔ ነው የረዳቴ ቀልድ ተመልሳ የመጣችው። እንደኛው ቤት ነዋ።

እኛው ቤት ምን አለ? እኛው ቤት ዋናው በያጅ አለ። እጁ ወርቅ ነው። እሱ የበየደው መጋጠሚያ ላይ ጣትህን ብታስኬድ አይሰማህም። ሰኞ ግን አይመጣም። ማክሰኞ ሲመጣ ረዳቶቹን ይሳደባል፤ አንዱን ልጅ ላሜራ ጠማማ ያዝክ ብሎ በመዶሻ እጀታ ሲነካው አይቻለሁ። በእኔ ኤሌክትሮድ የራሱን ሥራ እንደሚሠራም አውቃለሁ። የማላውቅ እየመሰልኩ ነው የኖርኩት። «ታዲያ እሱን የሚያህል በያጅ ከየት ይመጣል?» እላለሁ። በዚያው አፌ ጠዋት ጠዋት ቡና እየጠጣን ስለ ሰዓት ማክበርና ስለ ታማኝነት እሰብካለሁ። በሁለት ዓመት ውስጥ አራት ረዳት ለቀቀብኝ። የዛሬ ልጅ ሥራ አይወድም ብዬ ነበር የደመደምኩት። ለስንት ሰው እንዳወራሁት አትጠይቁኝ።

አንድ ሌላ ሰው ደግሞ ነበረ። ዝምተኛ በያጅ። ሥራው መካከለኛ ነው፣ ፈጣን አይደለም። 2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ላይ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ እኔ ቤተሰቤን ይዤ ወጣሁ። ሱቁን ቆልፌ፣ ቁልፉን እንኳ ለማን እንደሰጠሁ ሳላስታውስ። ኅዳር መጨረሻ ላይ ከተሞቹ ሲለቀቁ ተመለስኩ። በሩ ተሰብሯል፣ ኮምፕረሰሩ የለም፣ ሞተር ያለው ነገር በሙሉ የለም። ይሄ የእኔ ብቻ ታሪክ አይደለም፣ ኮምቦልቻ ላይ ስንት ትልልቅ ፋብሪካ ባዶውን ቀርቷል፣ የእኔ ከዚያ ጋር ሲነጻጸር የጨዋታ ነው። በሦስተኛው ቀን ዝምተኛው በጋሪ ሁለት የብየዳ ማሽን ይዞ መጣ። ቤቱ ጓሮ፣ የማገዶ ክምር ሥር ቀብሯቸው ነበር። «ጋሼ፣ አንደኛው ትንሽ ውሃ ነክቶታል» ብሎ ይቅርታ ጠየቀኝ። ይቅርታ!

ሥራ እንደገና ሲቆም የፈረቃ ኃላፊ ያስፈልገኝ ነበር። ማንን ሾምኩ? ወርቅ እጁን። ምክንያቴ ቀላል ነበር፤ ደንበኛ የሚጠይቀው እሱን ነው። ለዝምተኛው የምስጋና ገንዘብ ሰጠሁት፣ አቅፌ ሳምኩት፣ በሰው ፊት አመሰገንኩት። በስድስተኛው ወር ለቀቀ። አሁን ኮምቦልቻ የራሱ ሥራ ቤት አለው። ከለቀቁብኝ አራት ረዳቶች ሁለቱ እሱ ጋ ናቸው። ያን እሁድ ጨዋታውን ሊያዩ መጥተው ነበር፤ ሲያልቅ ለልጆቹ በሙሉ ለስላሳ ገዛላቸውና «ጋሼ፣ እንኳን ደስ አለዎት» አለኝ። ጨርሼ ሳላመሰግነው ሄደ። ኢንዱስትሪ ፓርኩ አካባቢ የጀመረው ሥራ እንዳለ ሰማሁ። በዋጋ እየበለጠኝ ነው፣ እውነቱን ለመናገር።

ስለ አመራር የሚያወሩ ሰዎች ስፖርትን በጣም ይወዱታል። «ስፖርት ባሕርይ ይገነባል» ይላሉ። እኔ በዚህ ነገር ጥርጣሬ አለኝ። ኳስ ብቻዋን ምንም አትገነባም። ዋንጫ በዋንጫ ሆኖ ያደገና ዛሬ ማንም ብድር የማይሰጠው ሰው አውቃለሁ፤ ኳስ ነክቶ የማያውቅ፣ ግን ቃሉን እንደ ባንክ የምታምነው ነጋዴም አውቃለሁ። ሜዳው የሚያስተምረው ሜዳው ላይ የተሸለመውን ነገር ነው። ማጭበርበር ከተሸለመ ማጭበርበርን አሳምሮ ያስተምራል።

ስለዚህ ጉዳይ ሳነብ አንድ ሰው ላይ ደረስኩ። ቢል ካምቤል የሚባል አሜሪካዊ። እ.ኤ.አ. ከ1974 እስከ 1979 የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲን ቡድን፣ ያንን በእጅ የሚጫወቱትን የእነሱን እግር ኳስ፣ አሰልጥኗል። ውጤቱ 12 አሸንፎ፣ 41 ተሸንፎ፣ አንድ አቻ። እኛ ጋ ቢሆን በሦስተኛው ሳምንት ሻንጣውን ያሲዙት ነበር። ከዚያ ወደ ንግድ ገባ። አፕል ውስጥ ሠራ፣ ኢንቱይት የሚባለውን የሶፍትዌር ኩባንያ በሥራ አስኪያጅነት መራ፣ ቀጥሎ የስቲቭ ጆብስና የጉግል አለቆች አማካሪ ሆነ። እዚያ ሠፈር «አሰልጣኙ» ሲባል እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 እስኪሞት ድረስ የቴክኖሎጂው ዓለም ትልልቅ ሰዎች ምክር ሲፈልጉ እሱ ጋ ነበር የሚሄዱት። እኔን ያስገረመኝ ግን ይሄ ሁሉ አይደለም። ያን ሁሉ እያማከረ የሠፈሩን ትምህርት ቤት ታዳጊዎች ማሰልጠን ያለመተዉ ነው። 41 ጊዜ የተሸነፈ ሰው! ሰዎቹ እሱ ጋ የሄዱት ማሸነፍን ሊማሩ እንዳልሆነ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል።

ደግሞ ንጽጽሩን አላብዛው። ሥራ ቤትና የልጆች ቡድን አንድ አይደሉም። በያጅ ደመወዝ ይወስዳል፣ ካልሆነለት ይሄዳል፣ ካልሆነልኝ አሰናብተዋለሁ። የ14 ዓመት ልጅ አይሰናበትም። የ14 ዓመት ልጅ ገና አላለቀም። አሥር ቁጥሩን ሳይ የምናደደው ነገር ምናልባት በሁለት ዓመት በራሱ የሚጠፋ ነገር ነው። ወርቅ እጁ ግን 38 ዓመቱ ነው።

ስለ ዕድሜ ካነሳን አይቀር፣ እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም የታዳጊ ኳስ ዋናው ቁስል ይሄ ነው። ከ15 ዓመት በታች ውድድር ሲመጣ ወላጅ አዲስ የልደት ካርድ ይዞ ይመጣል። ቀለሙ ገና አልደረቀም። ልጁ ጢም አለው። ፊፋ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ የተጫዋቾቹን የእጅ አንጓ በኤምአርአይ ያያል፤ እዚያ ያለው አጥንት ሙሉ በሙሉ ከገጠመ ልጁ ከ17 ማለፉ የማይቀር ነው ማለት ይቻላል። እኛ ጋ ኤምአርአይ የለም። እኛ ጋ ያለው የአሰልጣኙ ዓይን ነው፤ የአሰልጣኙ ዓይን ደግሞ ዋንጫ ሲያይ ይጨፈናል።

ከሁለት ዓመት በፊት አንዱን አስገብቻለሁ። አውቄ። «ካርዱ የሚለው 14 ነው፣ እኔ ፖሊስ ነኝ?» አልኩ። መሐል ተከላካይ ነበር፣ ልጆቹን እንደ ጤፍ እየበተነ አሸነፍንበት። ያን ጊዜ ቦታውን ያጣው ትንሹ ልጅ በዚያው ኳስ ተወ። ሲገርመኝ፣ ማንም ሳያጭበረብር እንኳ ይሄ ነገር ይከሰታል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ካናዳ ውስጥ የበረዶ ሆኪ ተጫዋቾችን የልደት ቀን ሲያዩ፣ ከተመረጡት ውስጥ ከሚጠበቀው በላይ ብዙዎቹ በዓመቱ የመጀመሪያ ወራት የተወለዱ ሆነው ተገኙ። ኮከብ ቆጠራ አይደለም። የዕድሜ መቁጠሪያቸው ጃንዋሪ 1 ነው፤ በጃንዋሪ የተወለደ ልጅ በዲሴምበር ከተወለደው አሥራ አንድ ወር ይበልጣል። በ10 ዓመት ልጅ ላይ አሥራ አንድ ወር ትልቅ ነገር ነው። አሰልጣኙ ችሎታ አየሁ ይላል፣ ያየው ቁመት ነው። ከዚያ ያ ልጅ ብዙ ይጫወታል፣ ብዙ ስለተጫወተ ይበልጥ ይችላል፣ አሰልጣኙም «አላልኳችሁም?» ይላል። ሥራ ቤት ውስጥም ያው ነው። ቶሎ የለመደው ረዳት ብየዳ ይሰጠዋል፣ ቀስ ያለው መጥረጊያ ይዞ ይቀራል፤ በዓመቱ አንዱ በያጅ ሆኗል፣ አንዱ ጠራጊ።

ወደ ማጭበርበሩ ልመለስ፣ ምክንያቱም ከዚህ የባሰ አለ። የብረት ዋጋ የሰማይ ጥግ በወጣበት ጊዜ አንድ የግቢ በር በ1.5 ሚሊ ሜትር ላሜራ ተዋዋልኩ። ስገዛ ዋጋው ሌላ ሆነብኝ። የ1.2 ገዛሁ። አንቲረስት ከተቀባ፣ ቀለም ከተቀባ በኋላ ማን ያውቃል? ደንበኛው አላወቀም። እስከ ዛሬ አያውቅም፣ በሩም ቆሟል፣ በዚያ መንገድ ሳልፍ ግን ቀና ብዬ አላየውም። ላሜራውን ስቆርጥ በሌላው ጫፍ የያዘልኝ ማን እንደሆነ ገምቱ። ያ ትንሹ ረዳት። በዓይኑ ውፍረቱን ሲለካ አየሁት። ምንም አላለም። በሳምንቱ አንድ ባኮ ኤሌክትሮድ ሲጎድል ሁሉንም አሰልፌ «እኔ ቤት ሌባ አልፈልግም» ብዬ ጮህኩ። እሱ መሬት መሬት ያያል። ያኔ ያፈረ መስሎኝ ነበር። ያፈረው ለእኔ ነው።

ክረምት ገብቶ ውድድር ሲቆም ልጆቹን ሰበሰብኳቸው። ንግግር አላደረግኩም። «ሕጓን ያፈረስኩት እኔ ነኝ፤ ከአሁን በኋላ ስም የሚጻፈው ከመቅሪያ ወረቀቱ ነው» ብዬ ወረቀቱን ለግራ ተከላካዩ ሰጠሁት። ምልክት የሚያደርገው እሱ ነው። ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልሎ ነው የሚይዘው።

መስከረም ላይ የመጀመሪያውን ጨዋታ አሥር ቁጥሩን አስቀምጠን ገባን። 3 ለ 0 ተሸነፍን። ሁለቱ ግብ የመጣው በግራ በኩል ነው፤ አዎ፣ በእሱ በኩል። ልጁ ሁለተኛው ሲገባ ዞር ብሎ አየኝ። ሊያወጣኝ ነው ብሎ ነው። አላወጣሁትም። ትክክል ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ወላጆች ከዳር «አሰልጣኙን ቀይሩ!» ሲሉ ይሰማኛል፣ ከእነሱ ውስጥ የገዛ ባለቤቴ ወንድም አለበት።

ማክሰኞ ጠዋት የአሥር ቁጥሩ አባት ወርክሾፕ መጡ። ደንበኛዬ ናቸው። የግቢ በር አዘው ቀብድ ከፍለዋል።

«ጋሼ፣ ይቀመጡ፣ ቡና ይምጣ» አልኩ።

«ቡናህን ተወው ወንድሜ። እኔ ምን በድዬህ ነው ልጄን በሰው ፊት ያስቀመጥከው?»

«እርስዎ አልበደሉኝም። ልጁም አልበደለኝም። ልምምድ አልመጣም፣ ስለዚህ ነው።»

«የሚያገባልህ እሱ አይደለም እንዴ?»

«እሱ ነው።»

«ታዲያ!»

ይቺን «ታዲያ» አውቃታለሁ። የራሴ ናት። ስለ ወርቅ እጁ ስንት ዓመት ያልኳት ናት። መልስ አልነበረኝም። ወርቅ እጁ ራሱ ከወዲያ ጭንብሉን ከፍ አድርጎ ያዳምጣል።

ቀብዳቸውን ጠየቁ። ቱቦላሬው ተቆርጦ ነበር። መለስኩላቸው። ማታ ቤት ስናገር ባለቤቴ «ለኳስ ብለህ ደንበኛ ታባርራለህ?» አለችኝ። ተሳስታለች ማለት አልችልም፣ የዚያን ወር የቤት ኪራይ በስንት መከራ እንደከፈልን እሷ ናት የምታውቀው።

ወርቅ እጁን አላባረርኩትም። የረዳቶቹን ሥልጠናና የመጋዘኑን ቁልፍ ወስጄ ለሌላ ሰው ሰጠሁ። እሱ የሚበይድ ሰው ነው፣ ይበይድ። አኩርፏል። ሰኞ ግን መምጣት ጀምሯል፤ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ ሊያይ ይሁን ሌላ፣ አልጠየቅሁትም። ለልጆቹም ያን የላሜራውን ነገር ነገርኳቸው፣ ለሠራተኞቼ ማለቴ ነው። ትንሹ ረዳት «እናውቃለን ጋሼ» አለ። በብዙ ቁጥር ነው የተናገረው።

አሥር ቁጥሩ ሁለት ሳምንት ጠፋ። በሦስተኛው ሐሙስ ጉሙ ሜዳውን ሸፍኖት እያለ ኳሷ ወደ ገደሉ ወጣች። ግራ ተከላካዩ ሊወርድ ሲል ኳሷ ከታች ተመትታ መጣች። ከጉሙ ውስጥ አሥር ቁጥሩ ታኬታውን በራሱ እጅ ይዞ ወጣ። አባቱ ያውቁ ይሆን? አልጠየቅሁም። ግራ ተከላካዩ ወረቀቱን ከላስቲኩ አውጥቶ ምልክት አደረገለት። ሰዓቱን አየና ከጎኑ «አርፍዷል» ብሎ ጻፈ።

ነገ ደግሞ ኮምቦልቻ እንወርዳለን። ቅዳሜ ማታ ነው አሁን፣ መብራት አለ። ላሜራው ላይ አሥር ስም ጽፌያለሁ። አሥር ቁጥሩ በዚህ ሳምንት አንድ ቀን ነው የቀረው፣ ሁለት አይደለም። በሕጓ ይሰለፋል። ግን ትንሹ አጥቂ ሦስቱንም ቀን መጥቷል። ጠመኔውን ይዤ ቆሜያለሁ። ላሜራው የሰው በር ነው፣ ለሰኞ ይፈለጋል። ረዳቴ ግራይንደሩን ይዞ ከኋላዬ ቆሟል።

«ጋሼ፣ ልቁረጠው ወይስ ገና ነው?»